ልጇን የላከችው እናት ምን አለች?

ሥራ ያቆምኩት በ2017 ነው። ጅቡቲ ውስጥ ዘመን የምንቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ስለሆነ እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ። የቀኝ እጄ አውራ ጣት ቢላ አልይዝም አለ። ሐኪሙ እጄን ገለባብጦ አየና፣

"ስንት ዓመት ከተፍሽ?" አለኝ።

"አሥራ ዘጠኝ።"

"በቃ፣ እጅሽ ጡረታ ወጥቷል" አለ። እኔም አብሬው ወጣሁ።

አሁን ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የአገሬ ልጆች በዕረፍት ቀናቸው፣ አርብ አርብ፣ ብቅ ይላሉ። አንድ ቀን አንዷ ስልክ ሳወራ ሰማችኝና አፏን ከፍታ ቀረች። "እትዬ ጽጌ፣ ይኼ ምን ቋንቋ ነው?" አለችኝ። ኮሪያኛ ነው አልኳት። ታሚልኛም፣ የደቡብ ሕንዶቹን ቋንቋ፣ እችላለሁ ስላት ጭራሽ ሳቀች። "ከየት ተምረውት ነው?" ብትል፣ "ከወጥ ቤት" አልኳት። አላመነችኝም። እንዴት እንደሆነ ልጽፈው የተነሳሁት ያን ቀን ነው።

በ1998 ከድሬዳዋ በባቡር መጣሁ። ያን ጊዜ ወደቡ ሥራ በዝቶበት፣ ከተማው ሰው ይፈልግ ነበር። መጀመሪያ የገባሁት አንድ ፈረንሳዊ መኮንን ቤት ነው። ሁለት ዓመት ሠራሁ። ሸሚዝ መተኮስና ዝም ማለት ተማርኩ። ደመወዙ ደህና ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዴንም እነሱ ናቸው ያስጨረሱልኝ። ከዚያ ቤት ሌላ የምለው የለኝም። ምግብ ማብሰል የተማርኩት ከሁለተኛው ቤት ነው።

ሁለተኛው ቤት የሙሴ ሴልቫም ቤት ነው። ሙሴ ሴልቫም የደቡብ ሕንድ ሰው ነው፣ ታሚል። ወደቡ ላይ የመርከብ ሞተር ይጠግናል። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ አብረውት ነበሩ፤ የቤቱ ገዢ ግን እናቱ ናቸው። ልጆቹ "ፓቲ" ይሏቸዋል፣ አያት ማለት ነው። እኔም ፓቲ አልኳቸው፤ ሌላ ስማቸውን እስከ መጨረሻው አልጠራሁም።

ፓቲ ቀጭን፣ ጠይም፣ ሁልጊዜ ነጭ የሚለብሱ ባልቴት ነበሩ። ወጥ ቤት በባዶ እግራቸው ይገባሉ። በመጀመሪያው ቀን ምስር ሠርቼ ጨው ልቀምስ ማንኪያዬን ስሰነዝር እጄን መቱኝ። መቱኝ ስል በጭልፋ ጀርባ፣ ቀስ ብለው ነው። በእነሱ ቤት ምግብ መጀመሪያ ለአምላክ ይቀርባል፤ ከዚያ በፊት የሚያበስለው ሰው አይቀምስም። ታዲያ ጨው መብቃቱ በምን ይታወቃል?

"ይሸታል" አሉኝ።

"ጨው ይሸታል እንዴ?"

"ጨው አይሸትም። ጨው የገባበት ውሃ ግን ይሸታል። ቆመሽ አሽትቺ።"

ስድስት ወር አሸተትኩ። አንድ ጠዋት ድስቱ ላይ ጎንበስ ስል ጨው እንደጎደለው አወቅኩ፤ እንዴት እንዳወቅኩ ግን እስከ ዛሬ ለማንም ማስረዳት አልችልም። ፓቲ ፊቴን አይተው ሳቁ። የሰናፍጭ ፍሬ ዘይት ውስጥ ሲንጣጣም በዓይን ሳይሆን በጆሮ ጠብቂ ይሉኛል። ጥሬ ማንጎ ጨው አሽተው በገንቦ ሲያስቀምጡ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ። እጃቸውን ታጥበው፣ ጠርገው፣ ፀሐይ ላይ ዘርግተው ያደርቃሉ። ማንኪያውን ያደርቃሉ። የገንቦውን አፍ ያደርቃሉ። አንድ ጠብታ ውሃ ከገባ የሁለት ዓመት ሥራ ይሻግታል። እናቴ ድሬዳዋ ስልጆ ስታብላላ እንዲህ ትጠነቀቅ ነበርና ነገሩ አልከበደኝም። እንዲያውም ፓቲ አጠገብ ስሆን ያደግሁበት ቤት ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነን ሠራን። ፓቲ ፈረንሳይኛ አያውቁም፤ ስለዚህ ያላቸውን ቋንቋ ሰጡኝ። መጀመሪያ ጨው፣ ሩዝ፣ ውሃ፤ ቀጥሎ ነይ፣ ሂጂ፣ ዛሬ፣ ነገ፤ በኋላ ሐሜት ሁሉ። ልጆቹ አባታቸውን "አፓ"፣ እናታቸውን "አማ" ይሉ ነበር። እኛ አባባና እማማ ከምንለው ብዙ አይርቅም፤ ቀለል ብሎኝ ያዝኩት።

በ2011 የሙሴ ሴልቫም ሚስት ልጆቹን ለትምህርት ወደ ሕንድ ወሰደቻቸው። ፓቲ "ልጄን ብቻውን ጥዬ አልሄድም" ብለው ቀሩ። ለሁለት ሰው ሠራተኛ አያስፈልግም ነበርና ሙሴ ሴልቫም ራሱ ሌላ ቤት አገኘልኝ። ወደብ ግንባታ የመጣ አንድ የኮሪያ መሐንዲስ ቤት። ቤቱ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከበረንዳው መርከቦቹ ሲገቡና ሲወጡ ይታያሉ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሰሃን እያጠብኩ ነበር። የአራት ዓመቷ ልጃቸው ሱጂ በእንቅልፍ ልቧ ከደረጃው ላይ ሆና "አፓ!" ብላ ተጣራች።

ሰሃኑ ከእጄ አመለጠ። የሙሴ ሴልቫም ልጅ የመጣ መሰለኝ። ሳላስበው በታሚልኛ "አፓ ኢሌ" አልኳት፤ አባባ የለም ማለት ነው። ልጅቱ ዓይኗን አሻሽታ አየችኝ። እናቷ ማዳም ጂዮን ከኋላዬ ቆማ ነበር።

"ኮሪያኛ ታውቂያለሽ?" አለችኝ በፈረንሳይኛ።

"አላውቅም ማዳም። ሕንዶቹ አባታቸውን እንዲህ ነው የሚሉት።"

"እናታቸውንስ?"

"አማ።"

"እኛ ኦማ እንላለን" አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እናቴ ይኼን ብትሰማ! በሚቀጥለው ወር ትመጣለች። አደራሽን፣ ለእሷም ንገሪያት።"

እናቷ መጡ። ሱጂ "ሃልሞኒ" ትላቸዋለች፣ ያው አያት ነው፤ እኔም እንደ ልማዴ ተቀበልኩት። ሃልሞኒ አጭር፣ ወፍራም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ናቸው። ከቤት ዕቃው ጋር በኮንቴይነር አንድ ጥቁር የሸክላ ገንቦ አስመጥተዋል። ውስጡ ከአኩሪ አተር የተብላላ፣ ለሾርባውም ለአትክልቱም የሚገባ ጨዋማ ሊጥ ነው። አኩሪ አተሩ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ እንደ ጡብ ተጋግሮ፣ በገለባ ታስሮ ወራት ይንጠለጠላል። ከዚያ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ገንቦ ይገባና ዓመታት ይቀመጣል። የእሳቸው አሥር ዓመት አልፎታል። ገንቦውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍቱ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጠረጉ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ዘረጉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው የማውቀው ፓቲን ብቻ ነው።

የ"አፓ"ን ነገር ስነግራቸው ማዳም ተረጎመችልኝ። ሃልሞኒ አልሳቁም። ነጭ ሽንኩርቱን አስቀምጠው ከበረንዳው ባሻገር ባሕሩን አዩና ረጋ ብለው አወሩ። ማዳም እየተከተለች ወደ ፈረንሳይኛ አመጣችው።

"በአገሬ ደቡብ በጥንት ጊዜ አንድ ንጉሥ ነበር። ሚስት አግባ ሲሉት፣ የእኔን ከሰማይ ነው የሚልኩልኝ እያለ ይጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ቀይ ሸራ የዘረጋች ጀልባ በባሕሩ መጣች። ውስጧ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከሕንድ ነው የመጣሁት አለች። አባትና እናቷ በሕልም ወደዚያ ንጉሥ ላኳት ተብለው ነው የላኳት። መጀመሪያ ስትነሳ ማዕበሉ መለሳት። አባቷ ድንጋይ ጫነላትና እንደገና ወጣች፤ ባሕሩም አሳለፋት። ነገሠች። አሥር ወንዶች ልጆች ወለደች። ከዚያ ባሏን አንድ ነገር ለመነችው፤ ከልጆቼ ሁለቱ የእኔን ስም ይያዙ፣ እኔ ለዚህ አገር እንግዳ ነኝና ስሜ አብሮኝ አይሙት አለችው። ፈቀደላት። እኔ ከእነዚያ ከሁለቱ ወገን ነኝ። ስሜ የእሷ ስም ነው።"

እጄ ላይ ያለው ሽንኩርት እንዳለ ቀረ። ሕንድ ማለት ለእኔ ፓቲ ናቸው። ኮሪያ ማለት እነዚህ ሰዎች ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ውቅያኖስ በካርታ እንኳ በቅጡ አላውቀውም፤ ግን አንዲት ልጅ በጀልባ፣ ድንጋይ ጭና፣ ያን ሁሉ ውሃ ስታቋርጥ ታየችኝ።

የማዳም ባል ቡናውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ግን መሐንዲስ ነው። "አፈ ታሪክ ነው ጽጌ" አለኝ። "የተጻፈው ሆነ ከተባለ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከየትኛው የሕንድ ከተማ እንደመጣች እንኳ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። አባትና እናትን የሚጠሩ ቃላት ደግሞ በዓለም ሁሉ ይመሳሰላሉ። በእናንተስ?"

"አባባ፣ እማማ" አልኩ።

"አየሽ?"

ሃልሞኒ ምን እንዳለ ጠየቁ፤ ነገሯቸው። ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። "ንገሪው" አሉ ለልጃቸው። "ለእሱ ተረት ነው። እኔ ግን በወጣትነቴ የምወደው ሰው ነበር። ከንጉሡ ስም ወገን ሆኖ ተገኘ። የንጉሡ ስምና የእሷ ስም ያላቸው ሰዎች አይጋቡም፤ ከአንድ እናት ነን፣ ወንድምና እህት ነን ይባላል። ተውኩት። ሌላ አገባሁ፣ ደህናም ኖርኩ። ግን ለእሷ ብዬ ሰው ትቻለሁ። ሰው ለተረት ብሎ እንዲህ አያደርግም።"

ማዳም ይህን ስትተረጉም ድምጿ ተለወጠ። እሷም ከዚያ በፊት አልሰማችውም ነበር።

በሚቀጥለው አርብ ሮጬ ፓቲ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሙሴ ሴልቫምን ደግሞ የድንጋዩን ነገር ጠየቅኩት። "ድንጋዩ እውነት ነው" አለኝ ወዲያው። "ባዶ ጀልባ ማዕበል ይገለብጠዋል። ታችኛው ሆድ ውስጥ ክብደት ካልያዘ አይሄድም። ጥንት ድንጋይ ነበር የሚጭኑት። ልጅቷን የላካት ሰው ባሕር ያውቃል።" ፓቲ ግን "እ" ብቻ አሉ። ስለ ገንቦው ብዙ ጠየቁኝ።

ሁለት ዓመት አለፈ። በኮሪያኛ ጨውና ውሃ አልኩ፤ ቀስ እያልኩ ሐሜቱም ላይ ደረስኩ። ሃልሞኒ ፊታቸው ባይፈታም ወጥ ቤት ከእኔ ጋር መዋል ለመዱ። ከዚያ በ2013 ክረምት በሥራ ዘመኔ ሁሉ የምጸጸትበትን ነገር አደረግሁ።

ሐምሌ ነበር። ጅቡቲን በሐምሌ የማያውቅ ሰው እሳት አያውቅም። ቤተሰቡ ሳምንት ያህል ነፋሻው አርታ ተራራ ላይ ሊያሳልፍ ወጣ። ሃልሞኒ ሲሄዱ ገንቦውን አሳዩኝ። "ጠዋት ክዳኑን አንሺ፣ ፀሐይ ይየው። ከሰዓት ክደኚው። ጨርቁን አታንሺ። ይተነፍሳል፤ አፉን ጥብቅ አድርገሽ እንዳትዘጊው።"

በሁለተኛው ቀን ኻምሲን መጣ፤ ያ አቧራ የሚያዘንበው የሙቀት ወራት ነፋስ። በረንዳው ቀላ። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ገንቦውን በላስቲክ ጠቀለልኩት፣ በገመድ አሰርኩት፣ ዕቃ ቤት አስገባሁት። አትዝጊው መባሌን አልረሳሁትም። እኔ ግን ከፓቲ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የገንቦ ነገር አውቃለሁ አልኩ። ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ስከፍተው ሽታው ገፋኝ። ላዩ አብጧል። ነጭ ሻጋታ አልብሶት፣ መሐሉ ጠቁሯል።

ሰው ሲደነግጥ ያወቀው ሁሉ ይጠፋዋል። ላዩን ጠረግሁት። የገንቦውን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፤ አዎ፣ በእርጥብ። ጨርቁን መልሼ ከደንኩና በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት።

ሃልሞኒ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ከፈቱት። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ዞረው አዩኝ።

"ምን ሆነ?"

"ሙቀቱ ነው ሃልሞኒ" አልኩ።

ከደኑት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጥ ቤት አልገቡም። ነጭ ሩዝ በውሃ እየበሉ ክፍላቸው መዋል ጀመሩ። ማዳም እያደር ጨነቃት። አንድ ቀን "አኩሪ አተሩን የዘራው አባቴ ነው" አለችኝ። "የመጨረሻው አዝመራው ነበር። ያን ዓመት ሞተ። እናቴ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ስላልሆነላት ነው ይዛው የመጣችው።"

ያን ሳምንት ምን እንዳበሰልኩ አላስታውስም። አርብ ፓቲ ዘንድ ሄጄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ነገርሻቸው?"

"አልነገርኩም። ሙቀቱ ነው አልኳቸው።"

"እኔ ነኝ እንዲህ ያስተማርኩሽ?"

"አይደሉም።"

"መጀመሪያ ሄደሽ ንገሪያቸው። ከዚያ መጥቼ ገንቦውን አየዋለሁ።"

በዚያው ቀን ከሰዓት የሃልሞኒን በር አንኳኳሁ። በሰባራ ኮሪያኛዬ፣ "ሙቀቱ አይደለም። እኔ ነኝ። ዘጋሁት። አትዝጊ ብለውኝ ዘጋሁት" አልኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"አውቃለሁ" አሉ። "የገመዱ ምልክት ገንቦው ላይ አለ። እንድትነግሪኝ ነው የጠበቅኩት።" ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ሄጄ ተቀመጥኩ። 

ፓቲ በማግስቱ ጠዋት መጡ። ልጃቸው በመኪና አምጥቶ በሩ ላይ አወረዳቸው። ማዳም ሳሎን ውስጥ ሻይና ኩኪስ አቅርባ ነበር። ሁለቱ አሮጊቶች አላዩትም። ፓቲ ጫማቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ወጥ ቤት ገቡ፤ ሃልሞኒ ተከተሏቸው። ገንቦው መሐል ላይ ነው። ማንም ወንበር አልጠየቀም፣ ሁለቱም ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። እኔን በመካከላቸው አስቀመጡኝ።

ሃልሞኒ ከፈቱ። ሁለቱም አንድ ላይ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ፓቲ እጃቸውን ዘርግተው ማንኪያ ጠየቁኝ፤ ልሰጣቸው ስል ሃልሞኒ ነጠቁኝና በቀሚሳቸው ጠርገው አድርቀው ሰጧቸው። ፓቲ ሃልሞኒን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩ።

"ይህች ሴት ታውቃለች" አሉኝ።

ቆፈሩ። የላይኛውን፣ አንድ ስንዝር የሚሆን፣ አውጥተው ጣሉ። ሃልሞኒ ከንፈራቸውን ነክሰው ያያሉ። ቀጥሎ ያለውም ጠቁሯል፣ ተጣለ። ግማሹ ሲደርስ ቀለሙ ተለወጠ። ጥቁር ቡኒ፣ ወዛም፣ ጥርት ያለ። ፓቲ ማንኪያውን ወደ ሃልሞኒ አቀረቡ። ሃልሞኒ ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አልሞተም" አሉ። "ንገሪያት፣ አልሞተም።"

የገንቦውን ውስጥ በጠንካራ አረቄ ወልውለው አደረቁ። በጨው ልክ ላይ ተከራከሩ፤ አንዷ በታሚልኛ አንዷ በኮሪያኛ፣ እኔ ሳልተረጉምላቸው። ፓቲ እፍኛቸውን ሲያሳዩ ሃልሞኒ ሁለት እፍኝ አሳዩ። በጨው ሸፈኑት፣ ጨርቅ አሰሩበት። ከዚያ ሁለቱም እግራቸውን ዘርግተው እንደ ሠራተኛ ሰው አረፉ።

ሃልሞኒ ትከሻዬን ነኩኝ። "አሁን ጠይቂልኝ" አሉ። "ንግሥቲቱ የመጣችበትን እኛ እናውቃለን። የሸራዋን ቀለም እናውቃለን። ምን እንደለበሰች፣ የት እንደወረደች፣ ባሏ ምን እንዳላት እናውቃለን። እናቷ ምን እንዳለቻት ግን የጻፈልን የለም። ልጅ ሆኜ አያቴን ጠይቄያታለሁ፤ እሱን የሚያውቁት ሕንዶቹ ናቸው አለችኝ። ሕንድ አግኝቼ ጠይቄ አላውቅም። ጠይቂያት። ልጇን የላከችው እናት ምን አለች?"

ለፓቲ ነገርኳቸው። እጃቸው ላይ የቀረውን ጨው አራገፉ። ከዚያ፣ "እኔ ይህን ታሪክ በአገሬ ሰምቼው አላውቅም" አሉ። "ልዕልትም አላውቅም። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ።"

 ማጣፈጥ አማረኝ። 'በአገራችን ዝነኛ ናት' ብላቸው ደስ ይላቸዋል፣ ማንም አያውቅብኝም። ግን በአንድ ሰሞን ሁለት ጊዜ መዋሸት አልቻልኩም። እንዳለ ተረጎምኩት። የሃልሞኒ ፊት ወደቀ። ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሊነሱ እጃቸውን ወለሉ ላይ ጣሉ።

ፓቲ ያን እጅ ያዙት።

"አልጨረስኩም" አሉኝ። "ልዕልቷን አላውቅም፤ እናቷ ያለችውን ግን አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሄድ ሂጂ አይባልም። ክፉ ነው፣ ማንም አይለውም። የሚባለው 'ፖይቱ ዋ' ነው። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ እናቴ ጀልባ መሳቢያው ጋ ቆማ ይህንኑ አለችኝ። እሷንም ስትዳር እናቷ ያለቻት ይህንኑ ነው። ንግሥትም ትሁን ዓሣ አጥማጅ፣ የእኛ አገር እናት ሌላ ቃል የላትም።"

ወደ ሃልሞኒ ዞርኩ። "'ፖይቱ' ማለት ሄደሽ ማለት ነው። 'ዋ' ማለት ደግሞ..."

ሃልሞኒ እጃቸውን አነሱብኝ።

"'ዋ'ን አትተርጉሚልኝ" አሉ። "'ዋ'ን አውቃለሁ።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸው ራሳቸው "ዋ" እያሉ ወደ ገንቦው ሲጠሩኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ፓቲ "ዋ" እያሉ ወደ ምድጃው ሲጠሩኝ፣ ለሁለቱም እየሄድኩ፣ አንድ ቃል መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። በሁለቱም ቋንቋ ነይ ማለት ነው። መሐንዲሱ በአጋጣሚ ነው ይል ይሆናል። ሊሆንም ይችላል፤ እኔ አልተማርኩም። ግን ጀርባዬ ላይ ቅዝቃዜ ሲወርድ አውቄዋለሁ፤ ሐምሌ ነበር።

"ሄደሽ ነይ" አሉ ሃልሞኒ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው። ቀጥለው፣ "ግን አልተመለሰችም" አሉ። "ያው እኛ አገር ነው የተቀበረችው።"

ተረጎምኩ።

"እኔስ መቼ ተመለስኩ?" አሉ ፓቲ። "እናቴ ስትሞት እዚህ ምስር እየለቀምኩ ነበር።"

ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ወለሉ ላይ ቆዩ። ማዳም በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። እኔ ደግሞ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ታየኝ፤ እናቴ በመስኮቱ በኩል ጣቴን ይዛ "ደርሰሽ ነይ" ያለችኝ። ደብዳቤ ከጻፍኩላት ሦስት ወር አልፎኝ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት ደወልኩላት፤ ምን ሆነሽ ነው ብላ እሷም ደነገጠች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች በየወሩ ይገናኙ ነበር። ብዙ አያወሩም፤ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ምስር ይለቅማሉ፣ አንዷ የሌላዋን ገንቦ ታያለች። አንዳንድ ቀን ቃል ያመጣሉ። ሣር በታሚልኛ "ፑል" ነው፤ በኮሪያኛም "ፑል"። ቀን "ናል" ነው፤ በዚያም "ናል"። አንድ ባገኙ ቁጥር እንደ ልጅ ጉልበታቸውን ይመታሉ። የማይገጥመው ቃል ከሚገጥመው እጅግ ይበዛል፤ እሱን ማንም አይቆጥረውም ነበር።

ፓቲ በ2015 ሞቱ። ትንሽ ነው የታመሙት። ሃልሞኒ ሦስት ቀን አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ ሩዙን እስኪልም ቀቅለው በማንኪያ ያጎርሷቸው ነበር። ሙሴ ሴልቫም እንደ ልማዳቸው የተቃጠለውን አስከሬናቸውን አመድ ወደ አገራቸው ባሕር ይዞ ሲሄድ ሃልሞኒ በሩ ድረስ ወጥተው፣ ጮክ ብለው፣ "ፖይቱ ዋ" አሉ። ሙሴ ሴልቫም መንገዱ ላይ ቆመና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የኮሪያዎቹ ሥራ በ2017 መጀመሪያ አለቀ። ገንቦው ተጭኖ ሄደ። የእኔም ጣት እምቢ ያለው በዚያው ሰሞን ነው።

ከወራት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ምስል የሚያሳየው ዓይነት ጥሪ ነው፤ ማዳም ጂዮን ነች። ከኋላዋ ጥድ ይታያል፣ ሣር የለበሰ ትልቅ ክብ ጉብታም አለ። "መቃብሯ ነው" አለችኝ። "የንግሥቲቱ። በጀልባ ያመጣችው የሚባለው ድንጋይ ደግሞ ያውና።" ስልኩን አዞረችው። ደብዘዝ ያሉ፣ ቀላ ያሉ ድንጋዮች ተደራርበው ቆመዋል። ከስልኩ መስታወት ላይ ዳሰስኳቸው።

ሃልሞኒ ቀረቡ። አርጅተዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል።

"ጽጌ፣ የመጀመሪያዋ ቃል ጠፋችብኝ።"

"ፖይቱ፣ ሃልሞኒ።"

"ፖይቱ" አሉ። "ፖይቱ። እሺ።"

ምርኩዛቸውን ለማዳም ሰጥተው ወደ ጉብታው ዞሩ። በኮሪያኛ ነበር የሚናገሩት፣ ቃል በቃል ሰማሁት። "ዘግይቼ መጣሁ። እናትሽ ምን እንዳለች አንዲት ያገርሽ ሴት ነግራኛለች። አሁን እሷም የለችም፤ ስለዚህ እኔ ልንገርሽ።"  ከዚያ ሁለቱን ቃላት ተናገሩ፣ ጥርት አድርገው፣ ልክ ፓቲ እንደሚሏቸው። ከዚያ በጉልበታቸው ተንበርክከው ግንባራቸውን ሣሩ ላይ አደረጉ።

ማዳም ስልኩን ወደ ራሷ መለሰችው። ዓይኗ ቀልቷል። "አልተነሳችም" አለችኝ በሹክሹክታ። "ትንሽ ትጠብቂያለሽ?"

"እጠብቃለሁ" አልኳት።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። በጥዱ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ ክፍሌን ሞላው።